አባትሽ ወንዛዬ ናቸው

ሊዝበን፣ ግንቦት 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ የሺሃረግ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የትንሣኤው ብርሃን ከደጅዎ አይራቅ፤ ጉናም ዝናቡን በጊዜው ይስጣችሁ፤ ገብሱም ድንቹም ይቅናዎት። እኔና ሙሉቀን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ብቻ አይደለንም፤ ሽርሽር ላይ ነን! ይሳቁብኝ እንጂ እውነቴን ነው።

ከተጋባን ጀምሮ አንድ ሳምንት አብረን አርፈን አናውቅም። እሱ አውቶቡስ ሲነዳ ይውላል፤ እኔ መጦሪያው ውስጥ ሽማግሌ ሳገላብጥ አድራለሁ። በር ላይ ቁልፍ እየተቀባበልን ነው የኖርነው። ዘንድሮ ግን ሙሉቀን ሳይነግረኝ ቲኬት ቆርጦ መጣና ከኮሎኝ አንስቶ ፖርቱጋል ዋና ከተማ ላይ ጣለኝ።

ከተማዋ እንደ ደብረ ታቦር ዳገት ናት። እኛ ዘንድ ባጃጅ በሚያቃስትበት ዓይነት አቀበት ላይ እዚህ አንዲት ቢጫ ባቡር ታቃስታለች። ወንዙ ባሕር ሊገባ ሲል ሰፍቶ ሰፍቶ ጣናን ይመስላል። የቤቱ ሁሉ ግድግዳ ሰማያዊ ሥዕል ያለበት ሸክላ ተለጥፎበታል፤ እርስዎ ቢያዩት መጀመሪያ የሚጠይቁት የካሬውን ዋጋ ነበር። አንዲት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ አለች፤ በድሮ ዘመን የመሬት መንቀጥቀጥ ጣራዋን ወስዶት እንደዚያው ቀርታለች። ምሰሶዎቿ ቆመዋል፤ ከላይ ሰማይ ነው። ሙሉቀን ወደ ላይ አንጋጦ፣ «እዚህ አገር የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ የለም እንዴ?» ሲል ሳቄ መጥቶ ጠባቂዋ ተቆጣችን።

አባባ ስልካቸውን አያነሱም። ከአውሮፕላን ማረፊያ ሆኜ ደውዬ ነበር፤ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። መቼም ያው ኔትወርኩ ነው ብያለሁ። ይህን ደብዳቤ ያንብቡላቸው፤ ፎቶዎቹንም አዳነ በስልኩ ያሳያቸው። በተለይ ያቺን ገበያ ውስጥ ዓሣ አቅፌ የተነሳኋትን ያሳዩልኝ። «የጥላዬ ልጅ ዓሣ ታቀፈች» ብለው ይሳቁ።

ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። የእርስዎንም።

ልጅዎ መክሊት

*

ከማስታወሻዬ፣ ግንቦት 7

አዳነ ይህን የመክሊትን ደብዳቤ ይዞ ከባሕር ዳር ሲመጣ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር።

አዳነ ጓሮዬ ያለውን ክፍል የተከራየ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። እዚህ ዳታ ከተዘጋ ወዲህ ባሕር ዳር በወረደ ቁጥር እኔ የጻፍኩትን ፎቶ አንስቶ ለመክሊት ይልካል፤ የእሷን አሳትሞ ያመጣልኛል። ዛሬ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ዓይን ለዓይን አላየኝም።

ወንድሜ ጥላዬ ቅዳሜ ጠዋት ከቅዳሴ ሲመለሱ በራቸው ላይ ወደቁ። ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። እሁድ ቀበርናቸው። መክሊት አንድ ልጃቸው ናት። እናቷ የሞተች ጊዜ ገና አልተራመደችም ነበር፤ እኔና እሳቸው ነን ያሳደግናት።

እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም፤ በደብዳቤም አይጻፍም። ባለችበት ያሉ የአገር ልጆች ማልደው፣ ሥራ ሳትወጣ ቤቷ ድረስ ሄደው፣ ከበው ነው የሚያረዷት። እኛም በወጉ ኮሎኝ ላለው እድር ሰብሳቢ፣ ለአቶ ሞላ፣ ነገርናቸው። ሰኞ ሲነጋ ሰው ሰብስበው፣ ዳቦ አስጋግረው በሩን ቢያንኳኩ ማን ይክፈት። አንዲት ጀርመናዊት ጎረቤት በሌሊት ልብሷ ወጥታ፣ «ለሽርሽር ሄደዋል» አለቻቸው። ዳቦውን ይዘው ተመለሱ።

ሆቴል ውስጥ፣ ሰው ሳይከባት፣ በማታውቀው አገር ትረዳ የሚል አንድም አልተገኘም። እኔም አላልኩም። ስለዚህ እስክትመለስ ድረስ አባቷ በሕይወት ሊቆዩ ነው። ይህን የምትመራው የአጎታችን ልጅ ዓይናለም ናት።

«ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደዋል በያት» አለችኝ።

«ለምን ወንዛዬ?»

«ጉልበታቸውን ያማቸው የለም እንዴ? ደግሞ እዚያ ስልክ አይሠራም።»

«ይሠራል። ባለፈው እዚያው ሆኜ በስልክ ጤፍ ገዝቻለሁ።»

«አንቺ ስትገዢ ይሠራል! አሁን አይሠራም በያት።»

አርባው ሰኔ ሚካኤል ላይ ይውላል። ልጅ ሳትረዳ የአባቷን ተዝካር ማውጣት ነውር እንደሆነ ቄሱም ዘመዱም ነግረውኛል፤ ሳይነግሩኝም አውቀዋለሁ። እንግዲህ ልጅቱን ከዚያ ከተማ አውጥቶ ቤቷ ማስገባት የኔ ሥራ ሆኗል። ዕድሜዬን ሙሉ መሸጥ የማይፈልገውን ገበሬ ሳሸጥ ኖሬያለሁ፤ ይህ አያቅተኝም።

*

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለመክሊት ጥላዬ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ካለሽበት ይድረስሽ። ሙሉቀንም በያለበት ጤና ይሁን። የላክሽው ደርሶኛል። ከተማውም ሸክላውም መልካም ነው። ካሬው ስንት እንደሆነ ግን አልጻፍሽም።

አባትሽ ወንዛዬ ናቸው። ጉልበታቸው ከፋሲካ ወዲህ አስቸግሯቸው ነበርና ፍል ውሃው ይሻላል ተብሎ ሄደዋል። ስልክ አይሠራም እዚያ። ደብዳቤሽ ሲመለሱ ይነበብላቸዋል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከእብናት አንድ ሰው በፊታችን ሰኞ ኮሎኝ ይገባል። በርበሬ፣ ሽሮና አንድ ቅል ቅቤ አስይዤዋለሁ። ቅቤው ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳይሰጥ ብዬዋለሁ፤ ሰውየውም በማግሥቱ ወደ ሌላ አገር ያልፋል። ስለዚህ እሁድ ቤትሽ ግቢ። ዓሣና ባቡር የትም አይሄድም፤ ቅቤ ግን ይበላሻል።

እመቤታችን መንገድሽን ታቅናልሽ።

አክስትሽ የሺሃረግ

*

ሊዝበን፣ ግንቦት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? በያላችሁበት ጤናውን ይስጣችሁ። ደብዳቤዎ ደረሰኝ፤ አንብቤም ትንሽ ከፋኝ። በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ ባርፍ ቅቤ ጠራኝ! ለአቶ ሞላ ደውዬ ሰውየውን እንዲቀበሉልኝ ለመንኳቸው። የሰውየውን ስም ብጠይቃቸው፣ «ማን? የቱ ሰው? አዎ፣ አዎ፣ ያ ሰው!» አሉኝ። ሽማግሌው ደክመዋል መሰለኝ። ቅቤው እንግዲህ እሳቸው ፍሪጅ ውስጥ ይጠብቀኛል።

ደግሞም እሁድ አንመለስም። ሙሉቀን ቲኬቱን አራዘመው፤ አንድ ሳምንት ከምናምን ጨመረ። ሥራ ቦታዬም እሱ ራሱ ደውሎ አስፈቅዶልኛል። እንዴት እንዳስፈቀደልኝ አላውቅም፤ አለቃዬ ለራሷ ልጅ የማትፈቅድ ሴት ናት።

አክስቴ፣ ይህን ሰው ምን እንደነካው አልገባኝም። መጀመሪያ ስንመጣ ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ይቀልድ የነበረው፣ አሁን ከአንዱ ወደ አንዱ ያንከራትተኛል። እኔ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ አይስክሬም ልበላ እፈልጋለሁ፤ እሱ፣ «አንዲት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ቀርታናለች» ይለኛል። ትናንት አንዲት ሥዕል ፊት ቆሞ እንባው ወረደ። «ምን ሆንክ?» ብለው፣ «አሠራሩ» አለኝ። ስምንት ዓመት ግድግዳችን ላይ ተጣሞ የተሰቀለውን ሥዕል አንድ ቀን ቀና አድርጎት የማያውቅ ሰው!

ስለ አባባም ግራ ገብቶኛል። ወንዛዬ ብለው ብለው ከማን ጋር ሄዱ? እሳቸው ሰው ባለበት ጋቢያቸውን እንኳ የማያወልቁ ሰው ናቸው። ማን አሳመናቸው? ማን ያበስልላቸዋል? አዳነ ባሕር ዳር ሲወርድ ከሐሙሲት በባጃጅ ወንዛዬ ደርሶ ድምፃቸውን ቢቀዳልኝ የቤት ኪራዩን እኔ እከፍልለታለሁ በሉልኝ።

እዚህ አንድ ጫማ ቤት አለ፤ በእጅ ነው የሚሠሩት። ለጉልበትና ለተረከዝ የሚሆን፣ ሲረግጡት ምንጣፍ የሚመስል የቆዳ ጫማ አየሁ። ባለፈው የላክሁላቸው ጠቧቸዋል ብለውኝ ነበርና ቁጥራቸውን በደንብ ለክተው ይጻፉልኝ። ሲመለሱ ይጠብቃቸው።

ቸር ያሰማን።

መክሊት

*

ከማስታወሻዬ፣ ግንቦት 12

ዛሬ ስልኩ ሲሠራ አገኘሁትና ሙሉቀን ዘንድ ደወልኩ። ደረጃ ላይ ወጥቶ ነው ያናገረኝ፤ ድምፁ ያስተጋባ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ሰምተሃል አይደል?»

«ሰምቻለሁ እትዬ። ጋሽ ሞላ ቤታችን መጥተው ባጡን ማግሥት ነገሩኝ። ይዘሃት ና ብለውኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አራዘምኩት።»

«ሐዘን እንደ ባንክ ብድር ይራዘማል ብሎ ማን ነገረህ?»

እንዲህ አለኝ፤ «እትዬ፣ ይቺን ልጅ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ትናንት መንገድ ላይ ዘፈነች። ሰው እያያት! እሷን ይዤ ያ በር ፊት ወስጄ ላቁማት? እነ ጋሽ ሞላ ዳቦ ይዘው እዚያ እንደሚቆሙ እያወቅሁ? ጥቂት ቀን ጨመርኩላት፤ ሌላ ምን ልጨምርላት እችላለሁ?»

«አንተስ እንዴት ሆነህ ነው?»

«እኔማ የሥዕል አዋቂ ሆኛለሁ።»

ልቆጣው አስቤ ነበር፤ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብሞክር አልሠራም።

ተናድጃለሁ። በእሱ አይደለም። በማን እንደሆነ ለይቼ ብጽፈው ደስ ባለኝ። እዚህ ዓይናለም በየቀኑ እየመጣች ወንዛዬ ላይ አዲስ ነገር ትጨምርበታለች። ዛሬ ደግሞ፣ «አንድ መነኩሴ ከጣራ ገዳም መጥተው አብረዋቸው ይታጠባሉ በያት» ትለኛለች። መነኩሴው ምን ይሁን ብለው ከጣራ ገዳም ወንዛዬ ይወርዳሉ? ውሸት እንደ ሸቀጥ ነው፤ በትንሹ ይዘሽው ካልወጣሽ ማከማቻ ይጠይቃል። ይህን ነግሬያት፣ «አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ንግድ ታደርጊዋለሽ» ብላ ተቆጥታ ሄደች።

የጫማውን ቁጥር አውቀዋለሁ። ሙሉ ገላቸውን ያጠብናቸው እኛ ነን። ለመጻፍ ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት። ለማይጫማው ሰው ያን ያህል ገንዘብ አይወጣም።

*

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለመክሊት፤

ጤናሽን እመኛለሁ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡ ጥሩ ነው።

ጫማውን አትግዢ። የአባትሽ እግር በውሃው ምክንያት ትንሽ አብጧል፤ ቁጥሩ አይታወቅም። ገንዘብሽን ያዢ። ሌላም ነገር አትግዢላቸው።

ዝርዝሩን እዚህ ማብዛት አልፈልግም። ድምፅ መቅዳትም አይቻልም፤ አዳነ ፈተና ላይ ነው፤ የሐሙሲት መንገድም አንድ ቀን ይከፈታል አንድ ቀን ይዘጋል።

የምነግርሽ ሌላ ነው። ኮሎኝ ውስጥ በሚመጣው ሳምንት የእርሻ መሣሪያ ኤግዚቢሽን አለ ብለውኛል። የድንች መለያ ማሽን እዚያ ይታያል። ትልቁን ከትንሹ በራሱ የሚለይ። ሄደሽ ስዕሉንና ዋጋውን እንድትልኪልኝ እፈልጋለሁ፤ ለክረምቱ ማዘዝ አለብኝ። ሌላ ሰው አላምንም። ሐሙስ ያልቃል። ስለዚህ ሰኞ ቤትሽ ግቢ።

ልጄ፣ ሽርሽር አልበቃሽም? አንድ ከተማ ስንት ቤተ ክርስቲያን አለው? ቤት ያለው ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። ይህን ከልቤ ነው የምጽፍልሽ።

አክስትሽ የሺሃረግ

*

ሊዝበን፣ ግንቦት 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

አክስቴ፤

ደብዳቤዎን ያነበብኩት ቤሌም በሚባለው ሰፈር፣ በትልቁ ገዳም ውስጥ ተቀምጬ ነው። ቤሌም ማለት ቤተ ልሔም ማለት ነው አሉን። እዚያ ቫስኮ ዳ ጋማ የሚባለው የባሕር ሰው መቃብር አለ፤ ድንጋዩ ላይ እጆቹን አጣምሮ ተኝቷል። አስጎብኚው ከየት እንደመጣን ሲሰማ ደስ ብሎት፣ «የዚህ ሰው ልጅ እኮ የሞተው እናንተ አገር ነው፤ ከወታደሮች ጋር ሄዶ በዚያው ቀረ» አለን። አባት እዚህ፣ ልጅ እዚያ። ሙሉቀን ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የዚያኔ ነው ስልኬ ላይ የእርስዎ ደብዳቤ የገባው።

ስለ ማሽኑ ያሉትን አንብቤ ሳቅሁ። ኮሎኝ ውስጥ በሚመጣው ሳምንት እንዲህ ያለ ኤግዚቢሽን የለም፤ ቢኖር ሙሉቀን አውቶቡሱን አዙሮ እዚያ ሰው ሲያመላልስ ይውል ነበር። ይህ ይቅር።

ስለ ጫማው ያሉትን ግን መልሼ መላልሼ አነበብኩት።

አክስቴ፣ እርስዎ ዕቃ ሲመጣ «ይቅር» ብለው አያውቁም። ሙሉቀን የላከው ካፖርት ለማንም ልክ ያልሆነ ጊዜ ሸጠው በግ ገዝተው የበጉን ፎቶ ልከውልኛል። የቀኝ እግር ብቻ የሆነ ቦት ጫማ በስህተት ከላክሁት ዕቃ ውስጥ ሲገኝ እንኳ «የሚፈልገው አይጠፋም» ብለው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጡ ሴት ነዎት። ጫማ ቢጠብ ለአዳነ፣ ቢሰፋ ለቄሱ ይሉኝ ነበር። «ሁለት ጥንድ አድርጊው» ይሉኝ ነበር። አሁን ግን «ሌላም ነገር አትግዢላቸው» ብለው ጻፉልኝ። ሰው ካለ ይገዛለታል።

ከዚያ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። ወንዛዬ። ቅቤው። የአቶ ሞላ «ያ ሰው፣ ያ ሰው»። አለቃዬ የፈቀደችልኝ ፈቃድ። የሙሉቀን ሥዕል።

ወግ መሆኑን አውቃለሁ። እኔም እዚህ ሰው ሊያረዱ ሲሄዱ አብሬ ሄጃለሁ፤ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ግን ይህን ያህል ቀን! ይህን ያህል ቀን ከተማ ለከተማ ስስቅ፣ ዓሣ አቅፌ ፎቶ ስነሳ፣ ያንን ፎቶ ድንኳን ውስጥ ማን ማን አየው? ለሰው ልጅ ይህ ይደረጋል? እርስዎስ እንዴት ቁጭ ብለው «ዝናቡ ጥሩ ነው» ብለው ይጽፉልኛል? ልጮህብዎ እፈልጋለሁ፤ እዚህ ደግሞ የሚጮኸው ባቡሩ ብቻ ነው።

ለሙሉቀን እንዳወቅሁ አልነገርኩትም። ሳቄ እንዳይጠፋ የፈራው ምስኪን ሰው፣ ጠዋት ተነስቶ፣ «ዛሬ ምሽጉን እንይ» አለኝ። ሄድን። አናት ላይ ቆመን ፎቶ አነሳኝ፤ እኔም ሳቅሁለት። እሱ ለእኔ ይዋሻል፣ እኔ ለእሱ፣ እርስዎ ለሁለታችን።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ቀኑን። የትኛው ቀን ነው? እኔ ያን ሰዓት የት እንደነበርኩ ማወቅ አለብኝ። ሌላውን እነ አቶ ሞላ ይንገሩኝ፤ ይህን ግን ከእርስዎ ካልሰማሁ ቤቴ አልገባም። የመመለሻ ቲኬታችን ለረቡዕ ነው፤ ካልመለሱልኝ ከዚህ አልነሳም።

መክሊት

*

ከማስታወሻዬ፣ ግንቦት 19

ለዓይናለም አነበብኩላት። «እንዳትጽፊላት! መርዶ በወረቀት ከላክሽ ስምሽ ይጠፋል፤ የኔም ይጠፋል» አለች። «አውቃለች እኮ» ብላት፣ «አወቀች ማለት ተረዳች ማለት አይደለም» አለችኝ። በዚህ አልተሳሳተችም።

ሆኖም ልጅቱ ዋጋውን ቆርጣ ነግራኛለች። ከዚህ በኋላ መከራከር ሁለታችንንም ያከስራል። ጻፍኩላት።

*

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ መክሊት፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ቅዳሜ ግንቦት 3 ቀን ነው። ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ። አባትሽ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ቁልፋቸውን አውጥተው በሩን ሳይከፍቱት ወደቁ። ሐኪም ቤት አልደረሱም። አልተሰቃዩም የሚባለውን ልነግርሽ አልችልም፤ አላየሁም። ስደርስ አልፏል። እሁድ እናትሽ አጠገብ አሳረፍናቸው። ሰው ብዙ ነበር፤ ከጋሳይ ሁሉ መጥቷል።

አንቺ ያን ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያ ነበርሽ። እኔ በራቸው ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ ኪሳቸው ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አወጣሁት፤ ስምሽን አየሁ። ጮኾ ጮኾ እስኪያበቃ በእጄ ይዤው ነበር። አላነሳሁትም። ባነሳው የምለው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ የዋሸሁሽ ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ወንዛዬ የዓይናለም ናት፤ ዝምታው ግን የኔ ነው።

ፎቶውን ማንም አላየውም። አዳነ ስልኩን ሰጠኝ፤ እኔ ብቻዬን ጓዳ ገብቼ አየሁት። ዓሣዋን አየሁና ስንት ኪሎ ትሆን ይሆን ብዬ አሰብኩ። በዚያ ቀን እንዲህ አሰብኩ። ሰው ራሱን አያውቀውም።

ተቆጥተሽኛል፤ ተቆጪ። ተገቢ ነው። እኔም በብዙ ነገር ተናድጃለሁ፤ በመንገዱ፣ በስልኩ፣ ለእናንተ በተመቸው ባቡርና በሥዕሉም ጭምር። ነገር ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ። እነ አቶ ሞላ አንድ ጊዜ መጥተው በር ተዘግቶባቸዋል። ሥራቸውን ጥለው ዳግመኛ ሊመጡ ነው። እንደ አዲስ ተረጂላቸው። ከነሱ ጋር አልቅሺ። ብቻሽን የሰማሽው ነገር በሰው መካከል ካልተሰማ አይወጣልሽም። ባልሽንም አትቆጪው፤ ያደረገው የሞኝ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ እኔ ብሆን ያን ያህል ቀን መያዝ አልችልም ነበር።

ቤትሽ ግቢ።

አክስትሽ የሺሃረግ

*

ኮሎኝ፣ ግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለወይዘሮ የሺሃረግ፤

እርስዎንም እግዚአብሔር ያጽናዎት። ይህን ሳልልዎ ሌላ ነገር መጻፍ አልችልም።

ረቡዕ ገባን። ሐሙስ ሳይነጋ ተነስቼ ታጠብኩ። ሙሉቀን አልጋው ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቻለሁ ይላል፤ የዓይኑ ሽፋን ግን ይንቀጠቀጣል። እኔም እንዳልነቃሁበት ሆኜ ወደ ሳሎን ወጣሁ። ከዚያ ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ሰማሁ። ቀስ ብለው ሊወጡ ይሞክራሉ፤ ብዙ ሰው ቀስ ብሎ ሲወጣ ደግሞ የባሰ ይጮኻል። አንዱ «እሽሽ!» ይላል፤ አንዲት ሴት «አንተ ነህ የምትጮኸው!» ትለዋለች።

እንደ ለመኑኝ ላደርግ ነበር ሐሳቤ። እንደ አዲስ ልሰማ፣ ልደነግጥ። ነገር ግን ሳላስበው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ኖሯል። ሳያንኳኩ በሩን ከፈትኩ።

አቶ ሞላ ከፊት ቆመዋል፤ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው። «ልጄ፣ ይህች ዓለም መቼም...» ብለው ጀመሩና ነጠላዬን አይተው ቆሙ። መንገድ ሙሉ ያጠኑት ንግግር ከአፋቸው ላይ የተቀማ ይመስል ኮፍያቸውን በእጃቸው አዟዟሩት።

«ማን ነገረሽ?» አሉኝ።

«ማንም አልነገረኝም ጋሼ» አልኳቸው። «ግቡና አልቅሱልኝ።»

ገቡ። አልቅሰውልኝም አለቀስኩ፤ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ብቻዬን ከሰማሁት ሌላ ነገር ነበር። ከሁሉ ግን ሙሉቀን። ከመኝታ ቤት እየሮጠ መጥቶ ወለሉ ላይ ተደፋ። ያን ሁሉ ቀን በየገዳሙ ቆጥቦ የያዘውን በአንድ ጊዜ አወጣው። እኔን የማያውቁኝ ሁለት ወጣቶች፣ የሞቱት የእሱ አባት መስለዋቸው እሱን ከበው፣ «አይዞህ ወንድማችን» ይሉታል። አቶ ሞላ በእንባቸው መካከል፣ «ኧረ እሷ ናት!» እያሉ ይጎትቷቸዋል። ሳቅሁ አክስቴ። በዚያ ሰዓት ሳቅሁ። ማንም አልታዘበኝም።

ለአርባው እመጣለሁ። ሙሉቀንም ይመጣል። መንገዱ ከተከፈተ በመኪና፣ ካልተከፈተ እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሆኖ ከዚያ ያለውን እናያለን።

ተቆጥቼ የጻፍኩትን አልመልሰውም፤ ተቆጥቼ ነበር። ነገር ግን ከሐሙስ ወዲህ ስተኛም ስነሳም የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። እኔን አሥር ሰው ደረጃ ወጥቶ አረዳኝ። ዳቦ ተጋገረልኝ። ባሌ ሐዘኑን በአንድ አገር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ደበቀልኝ። እርስዎ ያን ቀን በሩ ላይ ብቻዎን አገኟቸው። ከዚያ ቄስ ጠሩ፣ ድንኳን አስተከሉ፣ እንግዳ አበሉ፣ ለእኔ ዋሹ፣ አረዱኝ። ወንድምዎ ናቸው እኮ። እርስዎን ማን አረዳዎት? ማን ከበበዎት?

ልጅዎ መክሊት

*

ከማስታወሻዬ፣ ግንቦት 27

አዳነ ደብዳቤውን ሱቅ ድረስ አመጣልኝ። የገበያ ቀን ነበር። ቆሜ አነበብኩት።

ከጉና በኩል ገብስ ያወረደ አንድ ገበሬ የመጀመሪያውን ጆንያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጦ ይጠብቀኛል። አህዮቹ በር ላይ ቆመዋል።

«እትዬ፣ እንመዝን?» አለኝ።

«ነገ ና» አልኩት።

«ነገ? አንቱ?» አለና ሳቀ፤ የምቀልድ መስሎት። «ነገማ ገበያው ያልፋል፤ ደግሞ እስከ ዛሬ መልሰውኝ ያውቃሉ?»

«ነገ ና፣ ወንድሜ።»

ወንድሜ ያልኩትን ቃል ሰምቶት ይሁን ፊቴን አይቶ አላውቅም፤ ጆንያውን ሳያነሳ ኮፍያውን አወለቀ። በሩን እሱ ከውጭ ዘጋልኝ።